ዝም ያለ ሰው ግድ የለውም?

«ምንም አይሰማውም። እኔ እያለቀስኩ እሱ ስልኩን ይነካካል።» የባልና ሚስት አማካሪ ነኝ፤ ይህን የማልሰማበት ሳምንት የለም። አንዳንዴ ቅሬታው የባል ነው። ድምዳሜው ግን ያው ነው፦ ዝም ካለ ግድ የለውም። ስህተት ነው፤ መስማቱም ሰልችቶኛል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሜሪ አይንስዎርዝ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዓመት የሞላቸውን ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አስገብታ ተመለከተች። እናት ለጥቂት ደቂቃ ወጥታ ትመለሳለች። ብዙዎቹ ሕፃናት ተረብሸው ይጠብቃሉ፣ ስትመለስ እቅፏ ውስጥ ገብተው ይረጋጋሉ። አንዳንዶቹ ግን አያለቅሱም። ስትመለስም ዞር ብለው አያዩዋትም፤ አሻንጉሊታቸውን ይዘዋል። «ጎበዝ ልጅ፣ አያስቸግርም» የሚባልላቸው እነዚህ ናቸው። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች የልብ ምታቸውን ለኩ። ፊታቸው ጸጥ ብሏል፣ ልባቸው ግን ድው ድው ይላል።

ሲያለቅስ ቁጣ የሚጠብቀው ልጅ አለማልቀስን ይማራል። እናቱ አጠገብ የሚቆየው እንደዚያ ከሆነ ነው።

አንድ ባል ቢሮዬ መጥቶ ሚስቱ ስታወራ የሰዓቱን ማሰሪያ ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። «አሁን ደረትህ ላይ ምን ይሰማሃል?» አልኩት። ቆየ። «እንቅ አድርጎ ይዞኛል» አለ። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። በሰባት ዓመት ትዳር ይህን ከአፉ ሰምታ አታውቅም። እሷ ደግሞ ሰዎች ትተዋት ሲሄዱ እያየች ያደገች ናት። ዝም ሲላት የሄደባት ይመስላታል፣ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። እሱ ይበልጥ ይዘጋል።

እባካችሁ፣ ዝም ያለውን «ተናገር!» እያላችሁ አታጨናንቁት። ዝም የምትሉም በር ዘግታችሁ አትውጡ። «ግማሽ ሰዓት ስጪኝ፣ መጥቼ እናወራለን» በሉ። ከዚያ በግማሽ ሰዓቱ ኑ። ካልመጣችሁ ከዝምታው የባሰ ነው።

ለሌሎቹ የምሰማቸው የተሳሳቱ አባባሎችም በአጭሩ ልመልስ።

«ልጅ ነው፣ ይረሳዋል።» የሆነውን ሊረሳ ይችላል። ከሰው ምን እንደሚጠበቅ የተማረውን ግን ይዞ ያድጋል።

«የሚመታኝ አባቱ ይመቱት ስለነበር ነው።» እየተመቱ አድገው እጃቸውን የማያነሱ ሞልተዋል። መጀመሪያ ከዱላው ራቂ። የትዳር ምክር ከዚያ በኋላ ነው።

«በልጅነቱ የተጎዳ ሰው ትዳር አይሆንለትም።» ይሄ ያናድደኛል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ወላጆችን ስለ ልጅነታቸው እየጠየቁ ያጠኑ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር አይተዋል። ክፉ ልጅነት አሳልፈውም ታሪካቸውን ሳይሸሹና ሳያምታቱ መናገር የቻሉ ሰዎች፣ ብዙ ጊዜ ልጆቻቸው ተማምነውባቸው ያድጋሉ።

ያ ባል አሁንም ብዙ አያወራም። «ደረቴን ያዘኝ» ይላታል፣ እሷም ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።