ዲሴሉላራይዜሽን ምንድን ነው? ልብ ማጠብስ ልብ መሥራት ነው?

«ሳይንቲስቶች ልብን በሳሙና አጥበው አዲስ አደረጉት፤ ከእንግዲህ ለጋሽ መጠበቅ ቀረ!» አንዱ ጽፎት ሰዉ ሲቀባበለው አየሁ። ለስንተኛ ጊዜ እንዳነበብኩት መቁጠር ትቻለሁ። ወንድሜ፣ የሚታጠበው ልብ ከየት መጣ? ወይ ከሞተ ሰው ነው፣ ወይ ከእንስሳ። ለጋሹ የትም አልሄደም።

ዲሴሉላራይዜሽን ሴሎቹን ጠርጎ አውጥቶ የተሸከማቸውን አውታር ማስቀረት ነው። የሚያጥበው ፈሳሽ በደም ሥሮቹ ይገባል። ቀዩ ሥጋ ቀስ በቀስ ይነጣል። መጨረሻ ላይ እንደ ፌስታል ብርሃን የሚያሳልፍ ልብ እጅ ላይ ይቀራል። ቅርጹ አለ፣ ኮላጅኑ (አውታሩን ያጠነከረው ፕሮቲን) አለ፣ የደም ሥሮቹም መንገድ አለ። መጀመሪያ ሲያዩት ያስደነግጣል። ጣጣውም ይሄ ነው፤ ሥራው ያለቀ ያስመስላል።

ተከራዮቹ ለቀው የወጡበት ፎቅ አስቡ። ግድግዳው ቆሟል፣ ቧንቧው ተዘርግቷል። አዲሶቹ ተከራዮች ግን በቢሊዮን ይቆጠራሉ፤ ሁሉም የየራሱን ክፍል አውቆ መግባት አለበት። የቧንቧውን ውስጥ የሚለስኑትም ራሳቸው ናቸው። ልስኑ የሆነ ቦታ ከጎደለ ደም እዚያው ይረጋል፣ ቧንቧው ይደፈናል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ተከራይ ያልቃል። (ፎቁ መምታትም አለበት። እዚህ ላይ ምሳሌዬ ጉልበት አነሰው።)

እ.ኤ.አ. በ2008 ዶሪስ ቴይለርና ባልደረቦቿ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የአይጥ ልብ አጥበው፣ አዲስ ከተወለዱ የአይጥ ግልገሎች የተወሰዱ የልብ ሴሎች ዘሩበት። በ8ኛው ቀን ደም የመግፋት ሥራ ጀመረ። አቅሙ ግን ካደገ አይጥ ልብ 2 በመቶ ገደማ ነበር። ወሬው ሲዞር «መታ» የሚለው ይደርሳል፣ 2 በመቶዋ መንገድ ላይ ትቀራለች።

«የሚዘራበት ሴል የራስህ ስለሆነ ሰውነትህ አይገፋውም» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። አውታሩ የሌላ ነው። በደንብ ካልታጠበ የቀድሞው ባለቤት ዲኤንኤ ይቀራል፤ የመከላከያ ሴሎችም ይነቁበታል። በዚህ ሥራ «ነጣ» ማለት «ታጠበ» ማለት አይደለም። በተለምዶ በአንድ ሚሊግራም ደረቅ አውታር ከ50 ናኖግራም በታች ዲኤንኤ መቅረቱ ይለካል። ሳሙናውም ተለቅልቆ ካልወጣ የተዘሩትን ሴሎች ይፈጃል።

ታጥቦ ሰው ላይ የዋለ ነገር ጠፍቶ አይደለም። ቆዳና የልብ ቫልቭ ከተጀመሩ ቆይተዋል። ሁለቱም ስስ ናቸው፤ እንደ ሙሉ ልብ ገና ከመጀመሪያዋ ደቂቃ በየጥጋቸው ደም ካልደረሰን አይሉም።