«ጥግ ላይ ስሜን ጽፌበታለሁ፣ ማን ይነካዋል?»

ባሕር ዳር ውስጥ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወጣት ሁሉ ይህችን ዓረፍተ ነገር ይነግረኛል። «ጋሼ፣ ጥግ ላይ ስሜን ጽፌበታለሁ፤ ማን ይነካዋል?» ማንም ይነካዋል! መመለስ ሰልችቶኛል። ስለ ዋተርማርክ፣ ማለትም ባለቤቱ እንዲታወቅ ፎቶ ላይ ስለሚያርፈው ስም ወይም ሎጎ፣ የምሰማውን ሁሉ እዚሁ ልዘርግፈውና ይውጣልኝ።

«ታች ጥግ ላይ ካረፈ በቂ ነው»

ዋናው በሽታ ይሄ ነው። ጥግ ላይ ያለ ስም ለማጥፋት ፎቶሾፕ መቻል አያስፈልግም። የትኛውም ስልክ ፎቶ ይቆርጣል። ጠርዙን በጣት ገፋ ማድረግ ነው፣ አለቀ። አንዳንዴ እንዲያውም ሌባ አያስፈልግም። ፌስቡክ የፕሮፋይል ፎቶን በክብ ስለሚያሳይ አራቱም ጥግ በራሱ ጊዜ ይጠፋል።

አንድ የማውቀው ልጅ ጥር 23 እንጅባራ ሄዶ የአገው ፈረሰኞችን በዓል አነሳ። ፈረሱ አቧራውን እያቦነነ ሲጋልብ ያሳያል። ቀናሁበት፣ አልዋሽም። ስሙን ግን ታች፣ ባዶው ሳር ላይ ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ ፎቶውን አንድ ድርጅት ባነር ላይ ሰቅሎት አየነው። ሳሩ የለም፣ ስሙም የለም። «ጽፌበት ነበር እኮ!» ይለኛል። የጻፍከው ሳሩ ላይ ነዋ! እነሱ የፈለጉት ፈረሱን ነው።

ስለዚህ ምልክትህ ሰው ቆርጦ ሊጥለው የማይፈልገው ነገር ላይ ይረፍ። ፊት ላይ አይሁን። የፈረሱን ጋማ፣ የኮርቻውን ጌጥ፣ የልብሱን ጥልፍ ነካ ያድርግ። ዝርዝር የበዛበት ቦታ ላይ ያረፈ ጽሑፍ ሲጠፋ ጠባሳ ይተዋል። ሰማይና ሳር ላይ ያለውንማ ፎቶሾፕ አካባቢውን አይቶ በሚሞላው መሣሪያው በአንድ ጊዜ ይውጠዋል። መሣሪያው በፈረንጆቹ 2010 የወጣ ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጨምሮበታል።

ወደ ሌላው ጫፍ የሚሮጡም አሉ። ዘጌ ሄዶ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕል አንስቶ፣ የቅዱሱ ፊት ላይ የፎቶ ቤቱን ስልክ ቁጥር የሚጽፍ ሰው አይቻለሁ። ሥዕሉን አንተ ሣልከው?

«ሁሉም ፎቶ ላይ አንድ ዓይነት ሎጎ ከለጠፍኩ አይነሳም»

የተገላቢጦሽ ነው። በፈረንጆቹ 2017 የጎግል ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትሸው ነበር። አንድ ዓይነት ምልክት ያለባቸው ብዙ ፎቶዎች ከተገኙ፣ ኮምፒውተር ምልክቱን ለይቶ ከሁሉም ላይ ሊያነሳው እንደሚችል አሳዩ። ቦታውን መቀያየር ብቻውን አላዳነም። የምልክቱን ቅርጽ በየፎቶው ላይ በጥቂቱ ማጣመም ግን ረዳ፤ ሲነሳ ዱካው ይቀራል። ፎቶሾፕ ላይ ዋርፕ የሚባለው ማጣመሚያ ለዚህ ይሆናል። ዓይን የማያስተውለው ትንሽ መጣመም ይበቃል።

«ነጭ ጽሑፍ የትም ይታያል»

ክረምት ላይ የጢስ ዓባይን አረፋ አንሳና ነጭ ጻፍበት። ወይም የሙሽራ የሀገር ልብስ ላይ። ታየህ? ነጭ በነጭ ላይ ይጠፋል። ከጀርባው ስስ ጥቁር ጥላ ጨምርበት።

«ሎጎዬ ነጭ ሳጥን ይዞ የሚመጣው ፎቶሾፑ ተበላሽቶ ነው»

አልተበላሸም። ሎጎህን ባዶ ጀርባ መያዝ በማይችለው የፎቶ ፋይል ዓይነት፣ በጄፔግ አስቀምጠኸው ነው። ጀርባው ባዶ እንዲሆን ፒኤንጂ በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጠው።

«ስፈልግ አነሳዋለሁ»

በምን? ጽሑፉን ጨምረህ ዋናው ጄፔግ ላይ ካስቀመጥከው ፎቶው ከጽሑፉ ጋር አንድ ሆኗል። ጄፔግ ሌየር፣ ማለትም ፎቶው ላይ እንደ ስስ ወረቀት የሚነባበረውንና ለብቻው የሚነሳውን ንብርብር፣ አያስቀምጥም። ሁልጊዜ ኮፒ ላይ ሥራ፣ ጽሑፉን ለብቻው ሌየር ላይ አድርግ፣ ሌየሩን የያዘውን ፋይል በፎቶሾፕ የራሱ ፋይል ዓይነት፣ በፒኤስዲ አስቀር። ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ያለው ደግሞ ተገላግሏል፤ ምልክቱን የሚያትመው ኤክስፖርት ተደርጎ በሚወጣው ኮፒ ላይ ብቻ ነው፣ ዋናውን አይነካም። ገንዘብ የለኝም የምትል ደግሞ እንደ ፎቶሾፕ ያለው ጊምፕ በነጻ አለልህ።

«ለከፈለ ደንበኛም ሎጎ ይለጠፋል»

ደብረ ማርቆስ ላይ አንዲት እናት የልጃቸውን የሠርግ አልበም ገልጠው ፎቶ አንሺውን ምን እንዳሉት ልንገርህ። «አንተ ልጅ፣ የከፈልኩህ ለልጄ ሠርግ ነው ወይስ ለሱቅህ ማስታወቂያ?» እውነታቸውን ነው። ምልክቱ ለናሙና ነው፣ በይፋ ለሚለጠፍ ነው። ደንበኛው ከፍሎ የወሰደው ንጹሕ ይሁን።

«ዋተርማርክ ማለት የተመዘገበ መብት ነው»

አይደለም። መብትህ የሚመነጨው ከሕግ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ፎቶግራፍን ከሚጠበቁት ሥራዎች ውስጥ ይቆጥራል። ክርክር ቢመጣ ትልቁ ጉልበትህ ማንም የሌለው ዋናው ፋይል እጅህ ላይ መሆኑ ነው። ከካሜራው እንደወጣ አስቀምጠው።

«ምልክት ካለበት ሙሉውን መጠን ብለቀው ምን ችግር አለው?»

ይሄኛው ያናድደኛል። ትልቅ ፋይል ከለቀቅክ ምልክቱን ለማጥፋት የሚደክም ሰው ትርፍ አለው። ጎኑ 1000 ፒክስል የሆነ ፎቶ ግን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 8.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስልክ ላይ ቆንጆ ሆኖ ይታያል፣ ወደ ትልቅ ኅትመት ሲሄድ ይደበዝዛል። ለናሙና ይህን ላክ፤ ትልቁ ክፍያው ሲያልቅ ይሂድ። እሱንም በቴሌግራም ስትሰድ በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ስደድ፤ አለበለዚያ ቴሌግራም ራሱ ያሳንሰውና ደንበኛህ «ጥራት የለውም» ብሎ ይመጣብሃል።