የስፓም ማጣሪያ ምንድን ነው? ትንሹ ድረ ገጽስ ይክፈል?

«አንዴ ተጽፎ ላለቀ ኮድ በየወሩ ክፈሉ ማለት ዝርፊያ ነው።» ደሴ ውስጥ ለትንንሽ ማኅበራት ድረ ገጽ ስሠራ ስለ ስፓም ማጣሪያ ይህን አባባል ሳልሰማ የዋልኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አሠልጣኝ ሰው ሰብስቦ ይህንኑ እንደ ትምህርት ሲሰጥ ሰማሁ። ይህስ በዛ።

ስፓም ማለት ሳይፈለግ በጅምላ የሚላክ የማስታወቂያና የማጭበርበሪያ መልእክት ነው፤ ማጣሪያው እሱን ከእውነተኛው ይለያል። ይህ ማጣሪያ ግን ተጽፎ ያለቀ ኮድ አይደለም። ገጻችሁ ላይ የምትጭኑት ነገር መልእክቱን ተቀብሎ ወደ ሌላ ሰርቨር (የማጣሪያው ባለቤት ኮምፒውተር) የሚልክ ነው። ፍርዱ የሚሰጠው እዚያ ነው። አኪስሜት የተባለው የታወቀ ማጣሪያ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው እንዲህ ነው። (እዚያው ገጹ ላይ ሥራቸውን የሚጨርሱም አሉ። ለምሳሌ ሰው የማያየው ባዶ ሳጥን ፎርሙ ውስጥ ይደበቃል፤ ሮቦቱ (ስፓም የሚልከው ፕሮግራም) ሲሞላው ይያዛል። እሱ በእርግጥ ወርሃዊ ወጪ የለውም።)

የባቲን ሰኞ ገበያ አስቡት። ሐሰተኛ ብር ይዞ የገባ ሰው መጀመሪያ ግመል ነጋዴው ላይ አይሞክርም። ሽንኩርት የምትሸጠው እናት ላይ ነው የሚሞክረው። እሷ ብሩን አገላብጣ ታያለች፣ ትጠረጥራለች፣ ለጎረቤቷ ታሳያለች። ወሬው ከሽንኩርት ተራ ወደ በርበሬ ተራ፣ ከዚያም ወደ ከብት ተራ ይሄዳል። ማጣሪያ ማለት ይህ ወሬ ነው። ወሬውን ተራ ለተራ የሚያደርሰው ሰው ይደክማል፤ ሐሰተኛው ብርም በየሳምንቱ መልኩን ስለሚቀይር ሥራው አያልቅም። ስለዚህ ይከፈለው፣ አምኜ እቀበላለሁ። ግን የሽንኩርቷ እናት ዝም ካለች የሚያደርሰው ወሬ የለም። ግመል ነጋዴው የሚድነው በእሷ ዓይን ነው። ታዲያ ከእሷም ከእሱም እኩል ክፍያ ይጠየቃል?

ለኔ ትንሹ ገጽ ቀድሞ ከፍሏል። አንድ የማኅበር ጸሐፊ «ስፓም» የሚለውን በተጫነች ቁጥር ማጣሪያውን እያስተማረች ነው። ነፃ የሚሰጣት ለጽድቅ ብቻ አይደለም። ይህን አሠልጣኙ ቢያውቀው «ዝርፊያ» አይልም ነበር፤ ሻጮቹም «ችሮታ» አይሉም ነበር።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። በወር አሥር ዶላር ቢባል፣ እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ 570 ብር ገደማ ነበር። ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ትንሽ ማኅበር እምብዛም አላየሁም።

የማልስማማበት ሌላ ነገር አለ። ብዙ ሰው «ለትርፍ ያልቆመ» እና «ትንሽ» አንድ ይመስሉታል። አይደሉም። አገር አቋራጭ የሆነ ትልቅ ድርጅትም ለትርፍ አልቆመም፤ በጀቱ ግን ሌላ ነው። በአኪስሜት ደንብ የግል ገጽ የፈለገውን ይከፍላል፣ ዜሮም ቢሆን፤ ንግድ ያለበት ግን የተቆረጠውን ይከፍላል። በዚህ ሚዛን ኮምቦልቻ ያለ ልብስ ሰፊ ሥራውን ቢያስተዋውቅ ነጋዴ ተብሎ ይከፍላል። መስመሩ መሰመር ያለበት በሚመጣው መልእክት ብዛት ይመስለኛል። ጉግል ሪካፕቻን (ሰውን ከሮቦት የሚለየውን ፍተሻ) በወር እስከ 10,000 ፍተሻ በነፃ መስጠቱ ለዚህ ይቀርባል።

ደግሞ ስለ አማርኛ ሳልናገር አላልፍም። በቃላት የሚፈርድ ማጣሪያ «ጸሎት» እና «ፀሎት» ሁለት የተለያዩ ቃላት ይመስሉታል። «ቤት»፣ «ለቤት»፣ «ከቤቱ» ሲባልማ ጨርሶ ይጠፋበታል። በአድራሻ የሚፈርደውም የባሰ ነው። በሞባይል ኢንተርኔት ብዙ ሰው አንድ አይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ይጋራል፤ አንዱ ባጠፋ ሌላው ይታገዳል። ሐይቅ አካባቢ ወላጅ ያጡ ልጆችን የሚረዳ አንድ ማኅበር አለ። በፎርሙ በኩል «የደብተር መግዣ ልልክ ነበር፣ በየትኛው ባንክ ላስገባ?» የሚል መልእክት ተላከለት። ገንዘብ፣ ባንክ፣ አጭር ጽሑፍ፦ ማጣሪያው ስፓም ሳጥን ውስጥ ከተተው። በዚያው ሳምንት «ግሩም ሥራ ነው፣ በርቱ» የሚል የእንግሊዝኛ ውዳሴ፣ ከሥሩ የካዚኖ ሊንክ ያለበት፣ ሰተት ብሎ አለፈ።

የላኪው ስም፣ ኢሜይልና አይፒ ወደ ውጭ ሰርቨር እንደሚሄድም አትርሱ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህን ለላኪው ማሳወቅ ግድ ይላል። ፎርሙ ሥር አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሩ።

የስፓም ሳጥኑን በየሳምንቱ ክፈቱት። ያለ ጥፋቱ የታገደ አማርኛ ካገኛችሁ «ስፓም አይደለም» የሚለውን ተጫኑ። ማጣሪያው አማርኛ የሚማረው በዚህ ነው፤ ይህንንም ሥራ የሚሠሩለት ከፋዮቹ ብቻ አይደሉም።