«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»፦ የመዋጮ ምሳሌ

ጅማ ውስጥ የሰፈር ስብሰባ ተጠርቶ ስለ መዋጮ ሲነሳ፣ ከሰብሳቢው አፍ ቀድማ የምትወጣው ይህች ምሳሌ ናት። ጎርፍ የበላው መሻገሪያ ይሠራ፣ ምንጭ ይታጠር፣ የትምህርት ቤት አጥር ይጠገን፣ የታመመ ጎረቤት ይታከም ሲባል ሰብሳቢው «እንግዲህ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ» ብሎ ይጀምራል፤ ቤቱ «ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብሎ ይጨርስለታል። ብዙ ሰው «አንድነት ኃይል ነው» ማለት ነው ብሎ ይፈታታል። አልተሳሳተም፤ ግን ለዚያ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አለልን። የድሩ ምሳሌ የሚናገረው ጉልበት ስለ ማዋሃድ ነው። የሎሚዋ ምሳሌ ስለ ማከፋፈል ነው፤ ማን ስንት ይያዝ ነው ጥያቄዋ። ገንዘብ ሰብስቦ ለሚያውቅ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

የእኛ አገር ሎሚ ትንሽ ናት። አንዷ ከ30 እስከ 50 ግራም ብትመዝን ነው፤ ሃምሳው ቢደመር ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው። ሁለት ኪሎ ደግሞ ከሕርማታ የሐሙስ ገበያ አንድ ልጅም ተሸክሞት ይመጣል። ታዲያ ሸክምነቱ ምኑ ላይ ነው? አያያዙ ላይ ነው። ዘንቢል ያልያዘ ሰው በሁለት እጁ ከስድስት ከሰባት ሎሚ በላይ አይችልም። የቀረውን በነጠላው ጫፍ ቢቋጥር ቋጠሮው ይላላል፣ በብብቱ ቢይዝ ይሾልካል፤ አንዷን ሊያነሳ ሲያጎነብስ ሦስቱ ይንከባለላሉ። መንገዱን ሁሉ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። የመንደር ገንዘብ ያዥ የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል።

ጌጥነቱ የመጣው ከወጉ ነው። ሎሚ በእጅ ይዞ አደባባይ መውጣት የቆየ ልማድ ነው። በጥምቀት ጎረምሳው የወደዳትን ልጅ በሎሚ ይመታል፤ ሎሚዋን ካነሳችለት ነገሩ ተጀመረ ማለት ነው። ሰው በሚተፋፈግበት ክብረ በዓል ሎሚ ይሸተታል፤ መኪና የሚያጥወለውለው ተሳፋሪም እስከ ዛሬ አንድ ሎሚ ይዞ ይገባል። ለጌጥ ደግሞ አንዷ ትበቃለች፤ ሁለተኛዋ ሌላውን እጅ ከማሰር በቀር የምትጨምረው የለም። ምሳሌዋ እንግዲህ ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ቀለለ ብቻ አላለችም፤ ጌጥ ሆነ ነው ያለችው። ድርሻህ በልክህ ሲሆንና በእጅህ ይዘኸው ሲታይ ያኮራሃል ማለቷ ነው። ብዙ የመዋጮ ኮሚቴ የሚዘነጋው ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ነው።

በጅማ ዙሪያ ገጠሩ ይህን ነገር በሁለት ስም ለይቶ ያውቀዋል። ደቦ ባለቤቱ አብልቶ አጠጥቶ ሰው የሚጠራበት ሥራ ነው፤ ብድሩ በቁጥር አይያዝም። ዳዶ ግን በተራ ነው፤ ዛሬ የእኔን ማሳ ቢያርሱ ነገ የእነሱን አርሳለሁ፣ ቀኑም ሰዓቱም እኩል ነው። የሎሚዋ ምሳሌ ለዳዶ ትቀርባለች። መንደር መዋጮን ደቦ አድርጎ ሲጀምረው፣ ማለትም «እንደየአቅማችሁ» ብሎ ሲለቀው፣ ሦስት አራት ቤት ብቻውን ይሸከመዋል፤ የቀረው ቡና ጠጥቶ ይሄዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ድርሻው ይቁረጥ። 120 አባወራ ያለበት ሰፈር ለመሻገሪያ 60,000 ብር ያስፈልገዋል እንበል። በጭፍን ቢካፈል በቤት 500 ብር ነው። ወረቀት ላይ ያምራል፤ ግን በቀን ሥራ የሚያድረውንና ባለ ወፍጮውን እኩል ያደርጋል። ሻል ያለው መንገድ በሦስት መመደብ ነው፦ 30 ቤት 800 ብር፣ 70 ቤት 500፣ 20 ቤት 100 ብር፤ ድምሩ 61,000 ይመጣል። ማን የት ይመደብ የሚለውን ኮሚቴው ብቻውን ዘግቶ ከወሰነው ቅሬታ አይጠፋም። በየጎጡ ሁለት ሽማግሌና አንዲት እናት ተቀምጠው ቢለዩት ይሻላል፤ የማንን ጓዳ ማን እንደሚያውቅ መንደር ያውቃል።

ከዝቅተኛው ምድብ ላይ ብዙ ኮሚቴ በደግነት ይሳሳታል። «እሷ ምንም የላትም፣ ትታለፍ» ይባላል። አትታለፍ። መቶ ብሩ ከበዳት ውሃ ትቅዳ፣ ስኒ ታውስ፣ አንድ ሰፌድ ቆሎ ትቁላ፤ ስሟ ግን መዝገቡ ላይ ይግባ። ሎሚ ያልያዘ ሰው በበዓሉ ላይ ተመልካች ነው፤ በኋላ መሻገሪያው ሲሰበር ለመጠገን ለመውጣትም ወኔ አይኖረውም።

ተቃራኒው ችግር ባለጸጋው ነው። ገና ስብሰባው ሳይሞቅ አንድ ነጋዴ ተነስቶ «40,000 ብር እኔ» ካለ ጭብጨባው ይደምቃል፣ መዋጮው ግን እዚያው ይሞታል። የ500 ብሩ ሰው ኪሱ የገባውን እጁን መልሶ ያወጣል፤ የእሱ ድርሻ ምን ይጨምራል? ልምድ ያላቸው ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ሰው ቀደም ብለው ቤቱ ሄደው ያነጋግሩታል፤ «የእርስዎን መጨረሻ ላይ እናነባለን፤ ሰፈሩ የሰበሰበውን ያህል ቢጨምሩበትስ?» ይሉታል። ሰጪው አይቀየምም፤ ሰፈሩም ይሠራል።

ወሩን መምረጥ ግማሽ ሥራ ነው። በማናና በጎማ ወረዳዎች፣ በሌሎቹም ቡና አብቃይ ቀበሌዎች እጅ የሚረጥበው እሸት ቡና ከሚለቀምበት ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥና ጥር ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናቡ መንገዱን ያጨቀየዋል፣ ቤቱም ገንዘቡ ያልቃል፤ በሐምሌ የተጠራ መዋጮ ቃል ብቻ ይሰበስባል። ከተማ ውስጥ ለደመወዝተኛው የወሩ የመጀመሪያ ሳምንት ይሻላል። ቀኑ እሑድ ከሰዓት ቢሆን ቤተ ክርስቲያን የዋለውም መስጊድ የሚሰግደውም ይመቸዋል፤ በረመዳን ቀን ላይ የሚበላ ነገር ያለበት ዝግጅት አይጠራም።

መዋጮው በሚሰበሰብበት ዝግጅት ምግቡ ላይ ሥጋ ባይገባ ይመረጣል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተቀላቅሎ በሚኖርበት እንደ ጅማ ባለ ከተማ ሥጋ ከተባለ ሁለት ዕርድ፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ወጥ ሠሪ ይጠይቃል፤ ወጪው የመዋጮውን ትርፍ ይበላዋል። ዳቦ፣ ቆሎና ቡና ግን ሁሉን ያስማማል፤ ዳቦው ቅቤና ወተት ከሌለበት ጾመኛውም ይቆርሳል። ለ150 ሰው በሦስት ሦስት ኪሎ ዱቄት በኮባ የተጋገረ አራት ድፎ ይበቃል፤ ከአንዱ 100 ግራም አካባቢ የሚመዝን 45 ያህል ቁራሽ ይወጣል። ቆሎ ሰባት ኪሎ። ቡናው አሥር ስኒ በሚሞላ ጀበና 65 ግራም ያህል ዱቄት ሲገባ ለ150 ሰው አቦል ወደ አንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ይጠይቃል፤ ሲቆላ ከክብደቱ ከአምስት ወይም ከስድስት እጅ አንዱን ስለሚያጣ ጥሬው 1.2 ኪሎ ይሁን። ቶናው በዚያው አተላ ይወጣል። ስኳር ለሁለቱ ዙር ሦስት ኪሎ።

ዝግጅቱን የሚያበላሸው ግን የቡና ማነስ አይደለም፤ የጀበና ማነስ ነው። ለአንዲት እናት ሁለት ጀበና ሰጥቶ 150 ሰው አጠጪ ማለት ሃምሳውን ሎሚ ለአንድ ሰው ማሸከም ነው። አንድ ጀበና እስኪፈላና እስኪሰክን ሩብ ሰዓት ያልፋል፤ በሁለት ጀበና አቦሉ ብቻ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ግማሹ ሰው ሳይጠጣ፣ ሳይሰጥም ይሄዳል። አምስት ከሰል ማንደጃ፣ አምስት ጀበና፣ በየጀበናው ሁለት ሰው፣ ቢያንስ 60 ስኒና አንድ ስኒ አጣቢ ቢመደብ በአንድ ሰዓት ውስጥ አቦሉ ሰው ሁሉ ዘንድ ይደርሳል። ድንኳንና አግዳሚ ከዕድር ይዋሳል፤ የሚጎድል ዕቃ ቢኖር የሚተካው ማን እንደሆነ ሲወጣ ይፈረምበታል። የዕድሩ ካዝና ግን ለቀብርና ለሐዘን የተቀመጠ ስለሆነ፣ ጠቅላላ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ ካልፈቀደ በቀር «ለጊዜው እንበደር» አይባልም።

በጨረታ የሚሸጥ ዕቃ ካለ፣ ለምሳሌ ከአንድ ዋንዛ ግንድ የተጠረበ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ፣ ሕጉ ከመጀመሩ በፊት በግልጽ ይነገር፦ የሚከፍለው ያሸነፈው ብቻ ነው ወይስ የጠራ ሁሉ የጠራውን ይከፍላል? ሁለቱም ዓይነት አለ። ሳይነገር ከተጀመረ 300 ብር ጠርቶ የተበለጠው ሰው «እኔ አላሸነፍኩም» ይላል፣ ጸሐፊው ደግሞ ጽፎበታል፤ ጠቡ ከበርጩማው ይበልጣል።

በዓይነት የሚሰጥ ነገር የራሱ ወጥመድ አለው። ጀንፈል ቡና፣ ማለትም ከነገለባው የሚደርቅ ቡና፣ የሚሰጥ ቤት ብዙ ነው። በኅዳር 200 ኪሎ ተብሎ የተመዘገበ ጀንፈል በጥር ሲሸጥ 170 ኪሎ ይሆንና ገንዘብ ያዡ ሌባ ይባላል። የሰረቀው የለም፤ ሲሰጥ አልደረቀም ነበር። በደንብ የደረቀ ጀንፈል በጭብጥ ይዘው ሲያወዛውዙት ፍሬው ውስጡ ይንኮሻኮሻል፤ ድምፅ የማይሰጠው ገና ነው፣ በጆንያ ታጭቆ ከከረመም ይሻግታል። ርጥቡን ተቀብሎ ማድረቅ ይቻላል፤ ክብደቱ ግን ደርቆ ሲመዘን፣ ሰጪውና ሁለት ምስክር ባሉበት ይጻፍ። ከ100 ኪሎ ጀንፈል ወደ 50 ኪሎ ንጹሕ ቡና እንደሚወጣም ለሁሉም ይነገር፤ በንጹሕ ቡና ዋጋ አስልቶ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋምና።

ጥሬ ገንዘቡን አንድ ሰው አይዞር። ለ120 ቤት 12 ሰብሳቢ፣ ለእያንዳንዱ አሥር ቤት። እያንዳንዱ ተከታታይ ቁጥር ያለው፣ በካርቦን የሚጻፍ ደረሰኝ ጥራዝ ፈርሞ ይወስዳል፤ የተበላሸ ቅጠል «የተሰረዘ» ተብሎ እዚያው ይቀራል እንጂ አይቀደድም። ገንዘቡ በዚያው ሳምንት ባንክ ይግባ፤ ሒሳቡ በሦስት ሰው ስም ሆኖ ሁለቱ ሲፈርሙ የሚወጣ ይሁን። ባንኩ ቃለ ጉባኤና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ስለሚጠይቅ ይህ ከዝግጅቱ በፊት ይለቅ። በቴሌብር የሚልክ ሰው ብዙ ጊዜ በልጁ ወይም በባለቤቱ ስልክ ይልካልና የግብይቱ ቁጥርና የከፋዩ ቤት ስም ጎን ለጎን ይመዝገብ፤ አለበለዚያ የከፈለ ሰው ዕዳ አለብህ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ለሁለተኛ መዋጮ አይመጣም። ቃል የተገባ ገንዘብ እስኪገባ በሌላ ገጽ ይቆይ፤ ሲሚንቶ በቃል አይገዛም።

ጌጡ የሚታየው ሲነበብ ነው። ሥራው ሲያልቅ ስም ዝርዝሩ ዕድሩ ቤት ደጃፍ ይለጠፋል። ብር ያዋጣው፣ ድንጋይ ያጋዘው፣ ውሃ የቀዳችው በአንድ ተራ ይጻፉ። በምድብ ስለተከፈለ የብሩን መጠን ከስም ጎን ባይጽፉት ይሻላል፤ «ድርሻውን ፈጽሟል» ይበቃል። ጠቅላላ ገቢና ወጪው ግን እስከ ሚስማሩ ድረስ ከሥሩ ይቀመጥ።

ምሳሌዋን ማን ይናገራት የሚለውም ነገር አለ። የራሱን ድርሻ ያልከፈለ ሰው ሲናገራት ሰው ይስቃል፤ ስለዚህ ብልህ ሰብሳቢ መጀመሪያ የራሱን ደረሰኝ ያሳያል። ሐዘን ቤት ለተዝካር ወይም ለሟች ቤተሰብ ማቋቋሚያ ሲሰበሰብም አትመችም፤ በለቅሶ ፊት ጌጥ ማለት ጆሮ ይከብደዋል። እዚያ ትልልቆቹ የሚሉት «ሰው ለሰው መድኃኒቱ» ነው፤ ቀጥሎ መዝገቡ ይዞራል።