ካዝና በአዳማ መኖሪያ ቤቶች፦ ዓይነቱ፣ አመራረጡና አተካከሉ

ካዝና ገንዘብን፣ ጌጣጌጥንና ሰነድን ከስርቆት፣ ከእሳት ወይም ከሁለቱም ለመጠበቅ የሚሠራ የብረት ሣጥን ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው አዳማ፣ ለመኖሪያ ቤት ካዝና የሚገዛ ሰው በአማርኛ የተዘጋጀ መመሪያ በቀላሉ ስለማያገኝ፣ ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ በሻጩ ቃልና በሣጥኑ ክብደት ላይ ብቻ ይመሠረታል።

በአገራችን ባንክ ከመቋቋሙ በፊት ጠገራ ብር በገንቦ ተደርጎ መሬት ውስጥ ይቀበር ነበር። አንዱ ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን 1,000 ብር 28 ኪሎ ይሆናል፤ የገንዘቡ ክብደት ራሱ ለሌባ እንቅፋት ነበር ማለት ይቻላል። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲለወጡና አሮጌው ገንዘብ በ90 ቀናት ውስጥ እንዲቀየር ሲታዘዝ፣ ብዙ ጥሬ ገንዘብ በቤት ማከማቸት ካዝና የማይከላከለው ስጋት እንዳለበት በግልጽ ታይቷል።

ስለዚህ በቤት ካዝና ውስጥ ከጥሬ ገንዘብ ይልቅ ተገቢ ቦታ ያላቸው የቤት ካርታ፣ ሊብሬ፣ ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ውል እና የጋብቻ ወርቅ ናቸው። ምርጫውም ከዚሁ ይነሣል። ንጹሕ ወርቅ የሚቀልጠው በ1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ወረቀት ግን በ230 ዲግሪ አካባቢ ይከስላል፤ በመሆኑም ወርቅን ይበልጥ የሚያሰጋው ሌባ፣ ካርታን ይበልጥ የሚያሰጋው እሳት ነው።

እሳትን የሚቋቋም ካዝና ምሥጢሩ በብረቱ ሳይሆን በሁለቱ የብረት ግድግዳዎች መካከል ባለው ሙሌት ላይ ነው። ሙሌቱ ብዙ ጊዜ ቤት ስንሠራ ለኮርኒስና ለግድግዳ የምንጠቀምበት ጄሶ ወይም ከሲሚንቶ ጋር የተዋሐደ ተመሳሳይ ነገር ነው። የረጋ ጄሶ ከክብደቱ 21 በመቶ ያህሉ በውስጡ የታሰረ ውሃ ሲሆን፣ ሙቀት ሲያገኘው ይህ ውሃ እንፋሎት እየሆነ ስለሚወጣ እንፋሎቱ እስኪያልቅ ድረስ የሣጥኑ ውስጥ ሙቀት ከፍ ብሎ አይወጣም። ዩኤል 72 በተባለው የአሜሪካ የፍተሻ መስፈርት የአንድ ሰዓት ደረጃ የሚሰጠው፣ የምድጃው ሙቀት 927 ዲግሪ ሲደርስ የካዝናው ውስጥ ከ177 ዲግሪ ሳያልፍ ከቀረ ነው። ይህ ለወረቀት ይበቃል፤ ፎቶና ሰነድ ለተጫነበት ፍላሽ ግን አይበቃም፤ ለዚህ ዓይነቱ ዕቃ የተቀመጠው ጥብቅ ወሰን 52 ዲግሪ ነው። ጄሶው እርጥበት ስለሚያመነጭ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የሚቆይ ካዝና ውስጥ ወረቀት ሊሻግት ይችላል፤ ሰነዶችን በፕላስቲክ ማኅደር ማሸግና በሩን በየጊዜው ከፍቶ ማናፈስ ይመከራል።

ከስርቆት አንጻር ደረጃ የሚለካው ሣጥኑ መሣሪያ የያዘን ሰው ለስንት ጊዜ እንደሚያቆየው ነው። የአሜሪካው ፈታሽ ድርጅት የዩኤል ቲኤል-15 ደረጃ 15 ደቂቃ የተጣራ የሥራ ጊዜን (መሣሪያው ሣጥኑ ላይ የሚሠራበትን ጊዜ ብቻ)፣ ቲኤል-30 ደግሞ 30 ደቂቃን ያመለክታል። ደረጃው በበሩ ውስጠኛ ክፍል በተለጠፈ ሰሌዳ ላይ ካልተጻፈ፣ ካርቶኑ ላይ «እሳት የማይበላው» ተብሎ መጻፉ ማስረጃ አይሆንም።

የአዳማ በያጆች የሚሠሩት የላሜራ ካዝና ደረጃ የተሰጠው ባይሆንም በብረቱ ውፍረት ከርካሽ ባለ ቁጥር ካዝና ሊበልጥ ይችላል፤ ሥራቸውም ሊኮራበት የሚገባ ነው። የሚያሠራ ሰው ማጠፊያው በስተ ውስጥ እንዲሆን፣ መወርወሪያው በበሩ በሁለቱም በኩል እንዲገባና መቆለፊያው ያለበት ቦታ ተጨማሪ ወፍራም ብረት እንዲደረግለት ማሳሰብ አለበት። ያለ ጄሶ ሙሌት የተሠራ ሣጥን ግን ከእሳት አያድንም።

ባለ ቁጥር መቆለፊያ በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ መብራት መጥፋቱ አያግደውም። ሆኖም በአንዳንድ ርካሽ ካዝናዎች ውስጥ ያለው በኤሌክትሪክ የሚሳብ ዘንግ፣ ሣጥኑ በኃይል ሲመታ ሸርተት ብሎ ይከፈታል። ከፋብሪካ የመጣውን የመክፈቻ ቁጥር በገዙበት ዕለት መቀየር ግዴታ ነው።

አተካከሉ ከሁሉ ይልቅ ችላ የሚባል ጉዳይ ነው። በአውሮፓው ኢኤን 1143-1 መስፈርት ከ1,000 ኪሎ በታች የሆነ ካዝና ማሰሪያ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል፤ ያልታሰረ ሣጥን ተሸክሞ መሄድ ይቻላልና። የብሎኬት ግድግዳን በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ውስጡ ክፍት ስለሆነ ነው፤ እዚያ የተመታ ፊሸር በጉልበት ሲጎተት ከነአሸዋው ይነቀላል። ስለዚህ ቡሎኑ ወደ ኮንክሪት ወለል መግባት አለበት፤ በጭቃ ቤት ደግሞ ከሥሩ ኮንክሪት ማፍሰስ ያስፈልጋል። በክረምት ከኮረብታዎቹ ጎርፍ በሚወርድባቸው ዝቅተኛ ሠፈሮች ይህ ኮንክሪት ከወለሉ ከፍ ብሎ ቢሠራ ወረቀቱ ከውሃ ይተርፋል። ቁምሳጥን ሌባ ቀድሞ የሚፈትሸው ቦታ ስለሆነ ለካዝና አይመረጥም።

መጠባበቂያው ቁልፍ እዚያው ቤት መሳቢያ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ቁጥሩን ከባለቤቱ ሌላ አንድ የቤተሰብ አባል ቢያውቀው፣ ሕመም ወይም ሞት ሲያጋጥም ካርታውን ለማውጣት ካዝናውን በግራይንደር ማስቆረጥ አያስፈልግም።