«ፍሪጅ የገባች» ምንድን ነው?

የእኛ ቤት ፍሪጅ ያለው ሳሎን ነው። ላዩ ላይ እማዬ የሠራችው ዳንቴል አለ፤ ዳንቴሉ ላይ ደግሞ የፕላስቲክ አበባ። ጅማ ውስጥ ብዙ ቤት ብትገቡ ይኸው ነው። ፍሪጅ ከቴሌቪዥኑ እኩል ለእንግዳ የሚታይ ዕቃ እንጂ ጓዳ የሚደበቅ አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር አንድ የሱፐርሂሮ ፊልም ከፍተን ነበር። 11ኛ ክፍል ናት። ሁለታችንም የዚህ ነገር ሱሰኞች ነን። ጀግናው ከፍቅረኛው ጋር ቁርስ ይበላል። ልጅቷ ትስቃለች። ወደፊት ስለሚገዙት ቤት ያወራሉ። ነጭ መጋረጃ በነፋስ ይወዛወዛል። ጎረቤቴ ሂጃቧን አስተካከለችና «አቦ፣ ይቺማ ፍሪጅ ገባች!» አለች።

ወዲያው መብራት ጠፋ። ዝናቡም ጀምሮ ነበርና አልገረመንም።

እማዬ ቡና እየቆላች ነው። ቀና ብላ የራሷን ፍሪጅ አየችው። «ማናት የገባችው?»

መልሱ ትንሽ ይረዝማል። መብራቱ እስኪመጣ ግን ጊዜ ነበረን። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

አባባሉ የመጣው ከእውነተኛ ፍሪጅ ነው። እውነተኛ ስል፣ ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ፣ በተከታታይ ቁጥር የሚወጣ መጽሔት) ውስጥ የተሳለ። በ1994 በወጣው የ«ግሪን ላንተርን» 54ኛ ቁጥር ላይ ካይል ሬይነር የሚባል ወጣት አለ። ሙያው ሥዕል ነው። ሳያስበው አንድ አረንጓዴ ቀለበት እጁ ገብቶ «ግሪን ላንተርን» የሚባለውን ጀግና ሆኗል። ፍቅረኛው አሌክሳንድራ ዴዊት ፎቶ አንሺ ናት። የልጁን ዝርክርክነት ጠንቅቃ ታውቃለች። ቀለበቱን እንዲለማመድ የረዳችው፣ ቁም ነገረኛ እንዲሆን የምትገፋው እሷ ናት። አንድ ቀን ካይል ቤቱ ሲገባ ሜጀር ፎርስ የሚባለው ጠላቱ አሌክሳንድራን ገድሎ ፍሪጅ ውስጥ ከቷታል። ካይል ያለቅሳል። ይቆጣል። ይዋጋል። ታሪኩም ይቀጥላል፤ የእሱ ታሪክ። እሷ ከመጀመሪያ ገጿ እስከ ፍሪጁ ድረስ የቆየችው ለሰባት ቁጥር ነው።

እማዬ እዚህ ላይ አቋረጠችኝ። «ሰው የሚያስገባ ፍሪጅ ምን ያህል ቢሆን ነው?»

«የአሜሪካ ነው፣ እማዬ።»

«እህ።»

አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1999፣ ጌይል ሲሞን የምትባል የኮሚክ አንባቢ ወረቀት ላይ ስም መደርደር ጀመረች። ሙያዋ ፀጉር ሠሪ ነበር። የተገደሉ፣ የተደፈሩ፣ አካላቸው የጎደለ፣ ኃይላቸውን የተቀሙ ሴት ገጸ ባሕርያትን አንድ በአንድ ጻፈች። ዝርዝሩ ረዘመባት። ከጓደኞቿ ጋር ሆና «ፍሪጅ ውስጥ ያሉ ሴቶች» በሚል ስም ኢንተርኔት ላይ አወጣችው። ለጸሐፊዎቹም እየላከች ሐሳባቸውን ጠየቀች። ክስ አልነበረም። ኮሚክ ውስጥ ሴት መሆን ለጤና አይበጅም ማለት ነው ወይ የሚል ዓይነት ጥያቄ ነው። (ጅማ ዩኒቨርሲቲም ይህን ስሙን ያገኘው በዚያው ዓመት ነው። ሁለቱ ምንም አያገናኛቸውም፤ እኔ ግን ዓመቱን የማልረሳው በእሱ ነው።)

በእንግሊዝኛ ነገሩን ለማስረዳት ብዙ ገጽ ያስፈልጋል። በአማርኛ አንድ ቅጥያ ይበቃል። «በት»።

ልጅ ሆኜ ሠፈራችን ቪዲዮ ቤት ነበረ። ቆርቆሮ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ ጥቁር መጋረጃ። ሴት ልጅ አትገባም። ክልክል ነው ያለ ሰው የለም፤ ዝም ብሎ አይገባም። ስለዚህ ፊልም የማየው በወንድሜ አፍ ነበር። ማታ ምንጣፍ ላይ ተኝተን ይተርክልኛል። ተኩሱን በድምፅ ሳይቀር ይሠራዋል። አጀማመሩ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሚስቱን ገደሉበት። ከዚያ አክተሩ አበደ።» አንዳንዴ ሚስቱ ፍቅረኛው ትሆናለች። አንዳንዴ እህቱ። ብቻ ገደሉ-በት።

አንድ ቀን «ሴትየዋ ግን ሥራዋ ምን ነበር?» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ! ሞታለች አልኩሽ እኮ።»

ቅጥያው በራሱ ጥፋት የለበትም። ለቅሶ ቤትም «እናቱ ሞተችበት» እንላለን፤ ያዘነ ሰው አለና። ግን ለቅሶ ቤት በዚያ አያበቃም። ሙሾ አውራጇ ስለ ሟቿ ታወራለች። ደግነቷን፣ የእጇን ሙያ፣ ማንን አሳድጋ ማንን እንደዳረች፣ ማን ጋ ተጣልታ እንዴት እንደታረቀች። አልቃሹ የሚያለቅሰው ሴትየዋን እያያት ነው። ፍሪጅ የገባች የምንላት ግን ከ«በት» ውጭ ምንም የሌላት ናት። የተፈጠረችው ልትሞትበት ነው። «በት»ን አንሱትና ታሪኩን ለመንገር ሞክሩ። ባዶ ከሆነባችሁ፣ ገብታለች።

ሞት ብቻም አይደለም። ከባትማን ኮሚክ ባርባራ ጎርደንን ውሰዱ። የፖሊስ አዛዡ ልጅ ናት፤ ቀን ቀን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ማታ ጭምብል አጥልቃ ባትገርል የምትባል ጀግና። በ1988 የባትማን ጠላት ጆከር ቤቷ ድረስ መጥቶ በሩን ስትከፍትለት በጥይት መታት። ለምን? አባቷን ለማሳበድ። አቆሰለ-በት። ከዚያ በኋላ ከወገቧ በታች ሽባ ሆና ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ቀረች። በ1993 ደግሞ ቤን የሚባለው ጉልበተኛ የባትማንን ጀርባ ሰበረ። እዚህም ጀርባ፣ እዚያም ጀርባ። ባትማን በዓመቱ ድኖ ጭምብሉን አጠለቀ። ባርባራ እስከ 2011 ድረስ አልተነሳችም።

ግን ባርባራ ላይ የደረሰው ነገር ሌላም ፊት አለው፤ እኔ በጣም የምወደውም እሱን ነው። ኪም ዬል የምትባል ጸሐፊ በልጅቷ ላይ የተሠራው ነገር አበሳጫት። ከባሏ ከጆን ኦስትራንደር ጋር ሆና በ1989 ባርባራን «ኦራክል» በሚል ስም መለሰቻት። ወንበሯ ላይ ሆና፣ ኮምፒውተሯን ይዛ፣ የጀግኖቹ ሁሉ መረጃ በእሷ በኩል የሚያልፍ። የለየላት ጊክ፣ የኮምፒውተር ሱሰኛ! ያገኘችው ቦታ ሰፊ ነበር። በ2011 መልሳ ስትቆም ቅር ያላቸው አንባቢዎችም ነበሩ፤ በተለይ ራሳቸው ወንበር ላይ ያሉ። ያን የ2011ዱን ባትገርል የጻፈችው ማን መሰለቻችሁ? ጌይል ሲሞን። ያቺ ስም ስትደረድር የነበረችው ፀጉር ሠሪ ጸሐፊ ሆና፣ ከዚያ በፊትም ከ2007 ጀምሮ ዎንደር ዉማን የምትባለውን ጀግና ኮሚክ ጽፋለች።

ተቃውሞ አልጠፋም። የአሌክሳንድራን ታሪክ የጻፈው ሮን ማርዝ መልስ ሰጥቶ ነበር። ልዩነቱ የወንድና የሴት ሳይሆን የዋናና የአጃቢ ገጸ ባሕርይ ነው፣ ከባዱ መከራ የሚወርደው አጃቢዎቹ ላይ ነው የሚል ሐሳብ ነበረው። አባባሉ ከእኛው «አክተር አይሞትም» ጋር አንድ ነው። ቪዲዮ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ መቶ ጥይት ቢተኮስ አክተሩን አይነካውም። ማርዝ ተሳስቷል አልልም። ግን አክተሩ ሁልጊዜ ወንድ፣ አጃቢዋ ሁልጊዜ ሴት ከሆነች ልዩነቱ የት ሄደ? ወንዶችም ይሞታሉ የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ሱፐርማን በ1992 ሞቶ ነበር። በ1993 ተነሣ።

በሌላ በኩል ቃሉን ያለ ቦታው የሚጠቀሙም አሉ። ጎረቤቴ አንዷ ናት። ሴት ከሞተች በቃ፣ «ገባች» ትላለች። አቬንጀርስ በሚባለው የጀግኖች ቡድን የ2019 ፊልም ውስጥ በጀግናዋ ናታሻ ሞት ላይ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እኔ አልገባችም ባይ ነኝ። ናታሻ ገደሉ-በት አይባልላትም። እኔ ልሙት አንተ ትተርፍ ብላ ከጓደኛዋ ጋር ታግላ የወደቀችው በራሷ ውሳኔ ነው። ይህ «ሞተችላቸው» ነው፤ «ለ» እና «በ» ይለያያሉ። ጎረቤቴ ግን የምመልሰው ነገር የሌለኝን አለች፤ «እዚያው ፊልም ላይ ለሞተው ለቶኒ ስታርክ ቀብር ተደረገ። ያ ሁሉ ሰው ጥቁር ለብሶ ቆመ። ለእሷስ? ሐይቅ ዳር ትንሽ አዝነው ወደ ሥራቸው ሄዱ።» ጅማ ላደገ ሰው ለቅሶ ያልተቀመጡለት ሞት ቀላል ነገር አይደለም።

ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ ለልብ ወለድ ሰው ነው ወይ የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እኛም ጋ ይደርሳል። ታሪኩ ውስጥ ሴት አጃቢ ስትሆን፣ ከታሪኩ ውጭም ሴት አድናቂ አጃቢ ትመስላለች። ፊልም ላስጭን ፍላሼን ይዤ አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ገና ሳልናገር የህንድና የቱርክ ተከታታይ ፎልደር ከፈተልኝ። የምፈልገውን ስነግረው «ለወንድምሽ ነው አይደል፣ እህቴ?» አለኝ። ለራሴ ነው ስለው ፈተናው መጣ። የቶር መዶሻ ስም ምንድን ነው? ሚዮልኒር። ግሪን ላንተርኖች ስንት ናቸው? የቱ ዘመን ላይ? አልኩት። ሦስት ወንዶች ሲያስጭኑ ቆሜ አይቻለሁ፤ አንዳቸውንም አልጠየቀም። ለማንኛውም ጥሩ ልጅ ነው። አሁን አዲስ ነገር ሲመጣ ያስቀምጥልኛል።

የሚገርመው በታሪክ ሲታይ ሴቶች በዚህ ዓለም ውስጥ አዲስ ገቢ አለመሆናቸው ነው። «ስታር ትሬክ» የተባለው የጠፈር ጉዞ የቴሌቪዥን ተከታታይ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሊቋረጥ ሲል ተመልካቹን አነሣስታ ጣቢያውን በደብዳቤ ካጥለቀለቁት መሪዎች አንዷ ቢጆ ትሪምብል ናት፤ ከባሏ ጋር ሆና። ሦስተኛው ምዕራፍ ተሠራ።

ጎረቤቴን ወደዚህ ሱስ ያስገባቻት ደግሞ ካማላ ካን ናት። በ2014 የራሷን ኮሚክ ያገኘችው ሚስ ማርቭል። ሙስሊም ናት፤ ቤተሰቧ ከፓኪስታን የመጣ የጀርሲ ሲቲ ልጅ። እናቷ ማታ እንዳትወጪ የምትላት። ጀግና ከመሆኗ በፊት ምን ነበረች? አድናቂ። ስለ አቬንጀርስ የራሷን ድርሰት እየጻፈች ኢንተርኔት ላይ የምታወጣ። ከፈጠሯት መካከል ሳና አማናት የምትባል አርታዒና ጂ. ዊሎ ዊልሰን የምትባል ጸሐፊ አሉ፤ ሁለቱም ሙስሊም ሴቶች ናቸው። ጎረቤቴ የካማላን ሥዕል ደብተሯ ላይ ለጥፋዋለች፤ የሒሳብ ደብተር ላይ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ፍሪጁ ተዘጋ? በ2018 የወጣው ሁለተኛው የዴድፑል ፊልም የጀግናውን ፍቅረኛ ቫኔሳን ገና ከመጀመሪያው ገደለበት። መጨረሻ ላይ ጊዜን ወደ ኋላ መልሶ ቢያተርፋትም፣ ፊልሙን ሙሉ የሚነዳው ሞቷ ነው። ጸሐፊዎቹ ሲጠየቁ አባባሉን ከዚያ በፊት ሰምተነው አናውቅም አሉ። ዝርዝሩ ከወጣ 19 ዓመቱ ነበር። ክፋት አይመስለኝም። ወንድሜም ክፉ አልነበረም።

ቡናው ሦስተኛው ደርሶ ነበር መብራት ሲመጣ። መጀመሪያ የተነሣው ፍሪጁ ነው፤ ተንቀጥቅጦ ማጉረምረም ጀመረ። እማዬም ሲኒዋን ይዛ ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ቁርሱ አለቀ። ጀግናው ወጣ። በር ተሰበረ። ጎረቤቴ ትክክል ነበረች።

እማዬ ከንፈሯን መጠጠች። «ወይኔ! ስሟ ማን ነበር?»

ተያየን። እኔም አላስታወስኩም፤ እሷም። ሪሞቱን አንስተን ከመጀመሪያ ጀምሮ መልሰን አየነው። «ቤቢ» ነው የሚላት።