በጨው ውሃ አኳሪየም ውስጥ የሚበቅል አረም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየም ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ምክር ግን አያጣም። «በረኪና ጠብ አድርጉበት»፣ «የዝናብ ውሃ ለውጡለት»፣ «ከጣና ቀንድ አውጣ አምጡ»። ከእነዚህ አብዛኞቹ አረሙን መግደል እንጂ አረሙ ምን እየበላ እንደሚያድግ አይጠይቁም። የሞተው እዚያው ውሃ ውስጥ ከበሰበሰ ደግሞ ለሚቀጥለው አረም ምግብ ይሆናል።

«ሁሉም አልጌ ነው፤ መድኃኒቱም አንድ ነው»

ጓንት አድርጋችሁ ንኩት። ክር ክር ብሎ ከድንጋዩ አልላቀቅ የሚል ከሆነ ፀጉር አልጌ ነው። እንደ አቧራ በቀላሉ የሚጠረግ ቡናማ ነገር፣ በተለይ አኳሪየሙ ገና የጥቂት ሳምንታት ከሆነ፣ ዳያተም (ቅርፊቱን ከሲሊካ የሚሠራ ጥቃቅን አልጌ) ነው፤ በውሃው ያለውን ሲሊካ ሲጨርስ ራሱ ስለሚጠፋ ብዙ አትድከሙበት። እንደ ቆዳ ተገፎ የሚነሳው ቀይ ወይም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ንፍጥ ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ ስሙ እንደሚለው ባክቴሪያ ነው። ቡናማ ሆኖ የሚዝለገለግ፣ የአየር አረፋ የቋጠረ፣ ማታ ቀንሶ መብራት ሲበራ የሚመለስ ከሆነ ዳይኖፍላጀሌትን (ባለ አንድ ሕዋስ ጥቃቅን ፍጡር) ጠርጥሩ። ለማረጋገጥ ጥቂቱን ከነውሃው በጠርሙስ ያዙና በኃይል ነቅንቁ፤ በድርብ ሶፍት አጥልላችሁ የወረደውን ውሃ አንድ ሰዓት ያህል ብርሃን ላይ አስቀምጡ። ተመልሶ ከተያያዘ ዳይኖፍላጀሌት ነው።

ድንጋዩን የሚሸፍነውን ደረቅ ሐምራዊ ቅርፊት ግን አትፋቁ። እሱም አልጌ ነው፤ ነገር ግን ቦታውን ይዞ ሌላውን የሚከላከል የእናንተ ወገን ነው።

«የዝናብ ውሃ ንጹሕ ነው፤ ከቧንቧ ይሻላል»

ከሰማይ ሲወርድ ምናልባት። በክረምት ከጣሪያ የሚጠራቀመው ግን ቆርቆሮውን አጥቦ የመጣ ነው። የቆርቆሮ ልባስ ዚንክ ነው፤ ዚንክ ደግሞ ዓሣው ቢችለው እንኳ ሽሪምፕን፣ ቀንድ አውጣንና ኮራልን ይጎዳል። የወፍ ኩስና አቧራም የአልጌ ምግብ የሆነውን ፎስፌት ይዘው ይወርዳሉ።

ከአንገረብ ግድብ ተጣርቶ የሚመጣው የቧንቧ ውሃም እንዳለ አይገባም። ለሰው መጠጥ የሚሆን ውሃ ክሎሪን፣ ናይትሬት፣ ፎስፌትና ሲሊካ ሊኖረው ይችላል። ክሎሪኑ ቢወገድ እንኳ ሌሎቹ ይቀራሉ። ከአኳሪየም የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ስለሆነ የጎደለውን በቧንቧ ውሃ በሞላችሁ ቁጥር እነዚህ እየተጠራቀሙ ይሄዳሉ። በበጋ፣ አየሩ ሲደርቅና ትነቱ ሲበዛ፣ አልጌው የሚፈላው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ውሃውን በስስ ሽፋን (ሜምብሬን) ገፍቶ የሚያጣራ የሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ሲሆን መጨረሻው ላይ ቀሪ ማዕድናትን የሚይዝ ሬዚን ያስፈልገዋል። ሰው የሚሳሳተው ግፊቱ ላይ ነው። ሜምብሬኑ ከ3 እስከ 4 ባር ግፊት ይፈልጋል፤ 4 ሜትር ከፍታ ላይ የተሰቀለ ሮቶ የሚሰጠው 0.4 ባር ብቻ ነው። ስለዚህ ግፊት ጨማሪ ፓምፕ ካልተገጠመ ማጣሪያው ያንጠባጥባል፣ የሚያወጣውም ውሃ በደንብ የተጣራ አይሆንም። የቲዲኤስ (በውሃው የሟሟ ማዕድን) መለኪያው ዜሮ ማሳየቱን ሲያቆም ሬዚኑን ቀይሩ። ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 3 ወይም 4 ሊትር ይባክናል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን በጀሪካን ይዞ ለልብስ ማጠቢያ ማዋል ነው።

«ጨው ጨው ነው»

አይደለም። የገበታ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው ማለት ይቻላል። የባሕር ውሃ ግን በሊትር 1,300 ሚሊ ግራም ገደማ ማግኒዥየምና 400 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም አለው። እነዚህ ከሌሉ ሐምራዊው ቅርፊት አያድግም፤ ባዶ የቀረውን ድንጋይ ፀጉር አልጌ ይወርሰዋል። ለአኳሪየም የተዘጋጀውን ጨው በሊትር ከ35 እስከ 38 ግራም በጥብጡና አንጻራዊ ጥግግቱ (ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት) 1.025 ላይ መድረሱን ለኩ።

«ምርመራው ዜሮ ካሳየ ውሃው ምግብ የለውም»

ድንጋዩ በአልጌ ተሸፍኖ የናይትሬትና የፎስፌት መለኪያው ዜሮ ካለ ምግቡ አልጌው ሆድ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። በእጅና በጥርስ ብሩሽ ንቀሉት፣ እየነቀላችሁም በቀጭን ቱቦ ወደ ባልዲ ሳቡት። ውሃው ውስጥ ተንሳፎ የቀረ ቁራጭ ሌላ ቦታ ይበቅላል።

በተቃራኒው እውነተኛ ዜሮም ግብ አይደለም፤ ዳይኖፍላጀሌት የሚመቸው እንዲህ የተራቆተ ውሃ ነው። ናይትሬት ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም በሊትር ቢሆን ጥሩ ነው። ናይትሬት 40 ላይ ከሆነ 20 በመቶ ውሃ መቀየር ወደ 32 ብቻ ያወርደዋል፤ ዓሣው በየመካከሉ ምንም ባይጨምርበት እንኳ ወደ 16 ለመድረስ አራት ጊዜ መቀየር ያስፈልጋል። «አንዴ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለውም» ማለት ከዚህ ይመጣል።

«ሦስት ቀን ማጨለም ጉዳት የለውም»

የአኳሪየሙን መብራት አጥፍቶ ማቆየት በሳያኖባክቴሪያ ላይ ይሠራል፤ ጎንደር ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከተማዋ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በጨለማ አረሙ ኦክስጅን መስጠቱን ትቶ ይተነፍሳል፣ ሲሞትም ይበሰብሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የቻላችሁትን ሳቡ፣ የአየር ፓምፕ ጨምሩ፣ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ የሚተካ ባለ ባትሪ ፓምፕ አዘጋጁ፤ ሲያልቅ ሩብ ያህል ውሃ ቀይሩ። ከፋርማሲ ኤሪትሮማይሲን ገዝቶ መጨመር ግን የአኳሪየሙን ጠቃሚ ባክቴሪያም ሊጎዳ ስለሚችል መርዛማ አሞኒያ ሊያስከትል ይችላል።

«አይፕታዥያን በቢላ ፍቆ መጣል ነው»

ይህ ትንሽ ቡናማ አኔሞን (አበባ የሚመስል የባሕር እንስሳ) ከእግሩ ቁራጭ ይራባል፤ አንዱን መፋቅ አምስት መትከል ነው። የሚሠራው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም የጠፋ ኖራ ነው። የፋሲል ግንብ ድንጋዮች የተያያዙትም በኖራ ነው፤ ከግንባታ ዕቃ መደብር የሚገዛው ግን ንጽሕናው ስለማይታወቅ ለምግብ ደረጃ የተመረተውን ፈልጉ። በጥቂት ንጹሕ ውሃ እንደ ወፍራም ሊጥ ለውሱ። ፓምፖችን አጥፉ። በሲሪንጅ ወደ አፉ ቀስ ብላችሁ አስጠጉና ግማሽ ሚሊ ሊትር ሸፍኑበት፤ ከነካችሁት ድንጋዩ ውስጥ ይሸሸጋል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ትርፉን ሳቡና ፓምፑን አብሩ። ኖራ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት ልክ) በኃይል ከፍ ስለሚያደርግ በ100 ሊትር ውስጥ በቀን ከአራት አምስት አኔሞን አትበልጡ። ኖራ ካልተገኘ የሎሚ ጭማቂ በመርፌ መውጋትም ይሞከራል፤ ትንንሾቹን ይገድላል፣ ትልልቆቹ ብዙ ጊዜ ይመለሳሉ።

«ከጎርጎራ ቀንድ አውጣ ቢመጣ ይበላዋል»

የጣና ቀንድ አውጣ የጨው ውሃ አይችልም፤ ሞቶ አሞኒያ ይለቃል። በሐይቁ ዙሪያ ቢልሃርዚያ ስላለ በባዶ እጅ ውሃ ውስጥ ገብቶ መልቀምም ለሰው አደገኛ ነው። ከባሕር የሚመጡት ትሮከስና ተርቦ የተባሉት ቀንድ አውጣዎች ደግሞ ስስ አልጌን ይልሳሉ፤ የረዘመ ፀጉር አልጌን ብዙም አይነኩም፣ ሳያኖባክቴሪያን ይተዉታል። ስለዚህ ቀንድ አውጣ የሚገባው በእጅ ከተነቀለ በኋላ ነው።